ወደ ዊንቸስተር ቤት እንግዳ ለምትወስዱ ሁሉ፦ ከአንድ አናጢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሳን ሆዜ፣ በኦክላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፤

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ቦታ የታወቀ ነው። ቀዩ ድልድይ፣ ውቅያኖሱ፣ የገበያ አዳራሹ። ጊዜና ገንዘብ ከተረፈን ደግሞ እናታችንን ወይም አማታችንን ይዘን በዊንቸስተር ጎዳና ላይ ወዳለው፣ ጣሪያው ሁሉ ሾጣጣ ወደሆነው ትልቅ የእንጨት ቤት እንሄዳለን። በሩ ላይ ቆመንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ይህ የሰይጣን ቤት ነው» እንላለን።

እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ብዬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያልኩትን ለመመለስ ነው። እናንተም እንድትመልሱት ብለምናችሁ ደስ ይለኛል።

የምንናገረው ታሪክ ይህ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሳራ ዊንቸስተር የዊንቸስተር ጠመንጃ ፋብሪካ ወራሽ ነበሩ። በጠመንጃው ያለቁት ሰዎች መንፈስ ያሳድዳቸው ጀመር። ቦስተን ውስጥ የሚኖር አንድ ሙታን ጠሪ «ወደ ምዕራብ ሂጂ፣ ለመናፍስቱ ቤት ሥሪላቸው፣ መዶሻው ዝም ያለ ቀን ትሞቻለሽ» አላቸው። እርሳቸውም 38 ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን አሠሩ። መናፍስቱ መንገድ እንዲጠፋባቸው ብለው ኮርኒስ ላይ የሚያልቅ ደረጃና ወደ ባዶ አየር የሚከፈት በር አስገቡበት። በየምሽቱም መኝታ ክፍል እየቀያየሩ ያድሩ ነበር። ታሪኩ ይጥማል። አቦል ላይ ቢጀመር በረካ እስኪቀዳ ሰው ከወንበሩ አይነሣም።

እኔ ግን አናጢ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በልጅነቴ ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኜ መጋዝ ይዤ ነው ያደግኩት። እዚህም ከመጣሁ በኋላ እንጀራዬ ያው እንጨት ነው፤ ደረጃ፣ በርና መስኮት እገጥማለሁ። በሙያዬ ማፈር የሚገባኝ አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ አንድም ቀን እንደ አናጢ አለማየቴ ነው። አፌ ስለ መናፍስት እያወራ ዓይኔ የት እንደነበር እንጃ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ እናቴ ናት። ባለፈው ክረምት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤቴን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ወደዚያ ቤት ስወስዳት ብዙ አትችልም ብዬ ፈርቼ ነበር። እንደፈራሁትም መሀል ላይ ደክማ መመለስ አማራት። ከዚያ ወደ አንድ ጠባብ ደረጃ ደረስን። ይህ ደረጃ 44 እርከኖች አሉት፤ ሰባት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ ይህን ሁሉ ዞሮ ወደ ላይ የሚወጣው ግን ዘጠኝ ጫማ ብቻ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ከሰባ ያህል ነው። እኔ እንደለመድኩት «መናፍስቱን ለማሳሳት ነው» ልላት አፌን ስከፍት እናቴ እጀታውን ሳትይዝ፣ ሳታርፍ፣ ሰባቱንም ዙር ጨርሳ ላይ ቆማለች። ወደ ታች አየችኝና «እኚህ ሴትዮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወይዘሮ ሳራ ዊንቸስተር ቁርጥማት ያሠቃያቸው ነበር። የእጅና የእግር መገጣጠሚያቸው እየጠነከረ ሄዶ እግራቸውን ከፍ አድርጎ ማንሣት አልሆነላቸውም። ቁመታቸውም ትንሽ ነበር፤ አንድ ሜትር ከአርባ ሰባት ገደማ። እኛ ዛሬ የምንሠራው ደረጃ አንዱ እርከን 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የእርሳቸው ሁለት ኢንች ነው ይባላል፤ እኔ ዘጠኙን ጫማ ለ44 ሳካፍለው ሁለት ኢንች ተኩል ያህል ይመጣልኛል፤ በእኛ ስድስት ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እግር ሳይነሣ፣ እየተጎተተ የሚወጣበት ደረጃ። ዘጠኝ ጫማ ለመውጣት እኔ 15 ወይም 16 እርከን ይበቃኛል፤ እርሳቸው 44 ያስፈልጋቸው ነበር። 44 እርከን በቀጥታ ቢዘረጋ ደግሞ ቤቱን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰባት ጊዜ ታጠፈ። በዚህ ውስጥ ጋኔን የገባበት ቦታ አይታየኝም። ማንኛውም ጠንቃቃ አናጢ የታመመች አሠሪ ብትኖረው የሚሠራው ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ አንቱ የምላቸው አውቄ ነው። አሠሪዬ ቢሆኑ ኖሮ አንቱ እላቸው ነበር።

አሁን ስለ ሴትዮዋ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሳራ ሎክውድ ፓርዲ ተወልደው ያደጉት በኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ነው። በ1862 የጠመንጃ ፋብሪካውን ባለቤት ልጅ ዊልያም ዊርት ዊንቸስተርን አገቡ። በሰኔ 1866 አኒ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ የበላችው ሰውነቷ አልገባ ብሎ እየመነመነች ሄዳ በአርባ ቀኗ ሞተች። ለእናቴ ይህን ስነግራት የያዘችውን ነጠላ ወደ አፏ ወሰደችና «ሰማንያዋ ሳይደርስ» አለች። ሌላ ልጅ አልወለዱም። በታኅሣሥ 1880 አማታቸው ኦሊቨር ዊንቸስተር ሞቱ፤ በመጋቢት 1881 ደግሞ ባላቸውን ሳንባ ነቀርሳ ወሰደባቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሳራ ዕድሜያቸው ገና አርባን ማለፉ ነበር። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ከፋብሪካው የወረሱት ሀብት ግን አለ።

በ1886 በሳንታ ክላራ ሸለቆ ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው፣ ገና ያላለቀ የገበሬ ቤት ገዙ። ያ ዓመት አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። ቤቱና ዋና ከተማችን እኩያ ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱም ያለ አንድ ወጥ ፕላን፣ ያገኙትን እየቀጠሉ፣ የሠሩትን እያፈረሱ ነው ያደጉት። አድዋ ላይ በ1896 ጦርነቱ ሲደረግ የወይዘሮ ሳራ አናጢዎች አሥረኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ልዩነቱ የሳን ሆዜው በ1922 መዶሻውን ማስቀመጡ ነው። አዲስ አበባ ገና አላስቀመጠችም።

ዛሬ መንገድና ሕንፃ የሞላው ያ ሰፈር ያን ጊዜ የፍራፍሬ አትክልት ነበር፤ ፕለም፣ አፕሪኮት፣ ዋልነት። ሴትዮዋም ገበሬ ነበሩ፤ ፍሬ እያስለቀሙ፣ እያስደረቁ ያስሸጡ ነበር። ይህን እንግዳ ለማስደነቅ የሚነግር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ወደ 160 ክፍሎች፣ ወደ 2,000 በሮች፣ 47 ደረጃዎች፣ 47 የእሳት ማንደጃዎች፣ ስድስት ማእድ ቤቶች። አሥር ሺህ መስኮት የሚባለው ግን መስታወቱ አንድ በአንድ ሲቆጠር ነው፤ እንዲህ ከቆጠርን የኔም ቤት ስድሳ መስኮት አለው። ዋና ንድፍ አውጪ አልነበረውም። ወይዘሮ ሳራ ራሳቸው እየነደፉ ለፎርማኑ ይሰጡ ነበር፤ ያልጣማቸውን ያስፈርሳሉ፣ እንደገና ያሠራሉ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣመመው። ጎብኚው ያያል፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ቆሞ በመስኮት ሌላ ክፍል ያያል። ብርሃን ከጣሪያ እንዲገባ የሚደረግ መስታወት ወለል ላይ ተገጥሞ ያገኛል። «የእብድ ሥራ ነው፣ ወይም የመናፍስት» ይላል። ወገኖቼ፣ እናንተ ግን በአዲስ አበባ ወይም በደሴ ወይም በአዋሳ ያደጋችሁ ናችሁ! በመጀመሪያ ሁለት ክፍል ይሠራል። ሴቷ ልጅ ከአረብ አገር ብር ስትልክ ከጎኑ ሳሎን ይቀጠላል። የድሮው የውጭ መስኮት ያኔ ወደ አዲሱ ሳሎን ያያል፤ ማንም አይነቅለውም፣ መጋረጃ ይደረግበታል። ከዚያ ሰርቪስ ይሠራል። ከዚያ ጣሪያው ላይ ፌሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ይቆማል፤ አንድ ቀን ፎቅ ይወጣበታል ተብሎ። ሲሚንቶ ደረጃ ከግቢው ተነሥቶ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ወዴት ይሄዳል? የትም። ብር ሲገኝ ይቀጥላል። እኛ በየሰፈሩ የምናውቀውን፣ በልጅነታችን ቁጭ ብለን ያጠናንበትን ደረጃ፣ ሳን ሆዜ ስናየው ለምን ያስፈራናል?

ቤት በክፍል በክፍል ሲያድግ ውጭው ውስጥ ይሆናል፣ ጣሪያው ወለል ይሆናል። አናጢ ይህን ለማወቅ ሙታን ጠሪ አያስፈልገውም።

ኮርኒስ የሚነካው ደረጃና ወደ አየር የሚከፈተው በር ግን ሌላም ምክንያት አላቸው። ሚያዝያ 18 ቀን 1906፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህንንም ቤት መታው። ቤቱ ያን ጊዜ እስከ ሰባት ፎቅ የሚደርስ ግንብ መሰል ክፍል ነበረው። እርሱ ወደቀ። የላይኛዎቹ ፎቆች ተነሡ፤ ዛሬ የምናየው አራት ፎቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሳራ ፍርስራሹን አስጠረጉ እንጂ የፈረሰውን መልሰው አላስገነቡም፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የኖሩትም በአተርተን በነበራቸው ሌላ ቤት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ላይኛው ፎቅ ሲነሣ ወደዚያ ይወጣ የነበረው ደረጃ ምን ይሆናል? ኮርኒስ ይነካል። በረንዳው ሲወድቅ ወደ በረንዳው ይወጣበት የነበረው በር ወዴት ይከፈታል? ወደ አየር። እኔ ራሴ በሥራዬ የፈረሰ ቤት ስጠግን እንዲህ ያለ በር አጋጥሞኝ ያውቃል፤ በሚስማር ቸክዬ አልፌዋለሁ።

እንዲያውም መገረም ካለብን መገረም ያለብን ቀሪው ቤት አለመውደቁ ላይ ነው።

እንግዳ ስትወስዱ የምታልፉትን፣ ለኔ ግን የቤቱ ልብ የሆነውን ነገር ልጠቁማችሁ። አትክልት የሚያድግበት የውስጥ ክፍል አለ። የወለሉ ጣውላ ይነሣል፤ ከሥሩ ዚንክ ተነጥፏል። ተክሉ ሲጠጣ የተረፈው ውኃ በዚንኩ ላይ ወርዶ በቧንቧ ወደ ታችኛው ጓሮ ይሄዳል፣ እዚያ ሌላውን ተክል ያጠጣል። አንድ ጠብታ አይባክንም። ውኃ በጄሪካን ቀድተን ያደግን ሰዎች ይህን ሳናይ ስናልፍ ያሳፍራል። ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ማሻሻ ሰሌዳው ከራሱ ከገንዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። አገልጋይ የተጠራበት ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ የመጥሪያ ሰሌዳ አለ። የጋዝ መብራቱ በቁልፍ ይበራ ነበር፤ አሳንሰሩ ሦስት ነው። እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሴት ክብሪት ከመጫር፣ ደረጃ ከመውጣት፣ ከመጣራት የሚያድናቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስበው አስገጠሙ።

እንጨቱ ደግሞ የሚገርም ነው። የተሠራው በአብዛኛው ሬድውድ በሚባለው በካሊፎርኒያ ዛፍ ነው፤ ምስጥም መበስበስም የማይደፍረው። ወይዘሮ ሳራ ጥንካሬውን ወደዱ፣ መልኩን ግን ጠሉ። ስለዚህ ቀለም ቀቢዎቹ የሌላ እንጨት ጅማት እየመሰሉ በእጃቸው ሣሉበት። ግድግዳው ላይ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ካላያችሁ አታውቁትም። ያ ቀለም ቀቢ ማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ስለ መናፍስቱ ግን ሁሉም ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰው በእጁ የሠራውን ሥራ ለማይታይ ነገር ሲሰጡት እጁ ይረሳል።

«ሌት ተቀን ለ38 ዓመት» የሚባለውም አይደለም። ወይዘሮ ሳራ በ1898 ለባላቸው እህት በጻፉት ደብዳቤ ላይ ድካም ስለተሰማቸው ሠራተኞቹን ሁሉ አሰናብተው ክረምቱን ለማረፍ እንደወሰኑ ይናገራሉ። መዶሻ ዝም ካለ እሞታለሁ ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ አያደርግም። የሕይወት ታሪካቸውን ያጠናችው ሜሪ ጆ ኢግኖፎም የቦስተኑን ሙታን ጠሪ ማግኘታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘችም። ወሬው ሴትዮዋ በሕይወት እያሉ በአካባቢው ጋዜጦች ተጀመረ፤ ጋዜጠኛ በር አንኳኩቶ ሳይከፈትለት ሲቀር ምን እንደሚጽፍ የታወቀ ነው። መስከረም 5 ቀን 1922 በሞቱ በዓመቱ፣ በ1923፣ ቤቱ ለመዝናኛ ሥራ ሰዎች ተከራይቶ ለጎብኚ ተከፈተ። ቲኬት መሸጥ ሲጀመር መናፍስቱ በዙ። ቤቱን የሚያስተዳድሩትን አልወቅስም፤ ይህን ሁሉ ጣውላ ለመቶ ዓመት ከመበስበስ ያዳነው የቲኬት ገንዘብ ነው። እኛ ግን ከቲኬቱ አንድ ሳንቲም አይደርሰንም። ለምን በነፃ እንዋሽላቸዋለን?

ወይዘሮ ሳራ መናፍስቱን ያነጋግሩበት ነበር የሚባለው ሰማያዊ ክፍልም እንዲሁ ነው። ከእርሳቸው በቀር ማንም አልገባበትም ይባላል። ማንም ካልገባ እኩለ ሌሊት ላይ ውስጡ የሚሆነውን ማን አየ?

ስለ 13 ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። 13 መስታወት ያለው መስኮት፣ 13 መታጠቢያ ክፍል፣ 13 የልብስ መስቀያ እየተባለ ይቆጠራል፤ ዓርብ 13 ሲውል የማታ ጉብኝት አለ። እናቴ ይህን ተርጉሜ ስነግራት «ታዲያ 13 ምን ሆነ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? የ13 ወር ጸጋ ብለን ለዓለም የምናስተዋውቅ ሰዎች ነን። ጳጉሜን ጸበል የምንጠመቅባት ወር ናት።

የቀረው ከባዱ ነገር ነው፤ ጠመንጃው። የ1873ቱን የዊንቸስተር ጠመንጃ «ምዕራቡን ያቀናው» ይሉታል፤ ያቀናው ማንን አጥፍቶ እንደሆነ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ያውቃሉ። ለዚያ ደም አንድ ሰው ይጠየቅ ማለት ተገቢ ስሜት ነው፤ የሙት መንፈሱ ተረት ይህን ያህል የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ግን ተጠያቂዋ ለምን ፋብሪካውን ያልመራች መበለት ሆነች? ጠመንጃውን ያሻሻሉት፣ የሸጡት፣ የተኮሱት ወንዶች ሁሉ በሰላም አልጋቸው ላይ ተኝተው፣ አሳዳጁ መንፈስ ሴቲቱን ብቻ ፈልጎ ካሊፎርኒያ ድረስ መጣ?

በዚያው በኮኔቲከት፣ በሃርትፎርድ ከተማ፣ ሌላ መበለት ነበሩ። ኤልሳቤጥ ኮልት ይባላሉ፤ የሽጉጥ ፋብሪካው ባለቤት የሳሙኤል ኮልት ሚስት። እርሳቸውም ባላቸውን በ1862 ቀብረዋል፤ ሕፃናት ልጆቻቸውም ሞተውባቸዋል። ለቤተሰባቸው መታሰቢያ የመልካሙ እረኛን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1869 ተጠናቀቀ። በአንደኛው መግቢያ ድንጋይ ላይ ምን አስቀረጹ? የተጣመሩ ሽጉጦችንና የሽጉጥ ክፍሎችን። በቤተ ክርስቲያን በር! ስለ ኤልሳቤጥ ኮልት ግን መንፈስ አሳደዳቸው የሚል የለም። በዘመኑ ጠመንጃ ማምረት የሚያኮራ እንጂ የሚያስጨንቅ አልነበረም። እኛም ብንሆን ውጅግራና ምንሽርን በስማቸው እየጠራን ስንፎክርባቸው የኖርን ነን፤ የጀግና ሚስት ሟቹ በሌሊት ይመጣብኛል ብላ ቤት ስትቀጥል አልሰማንም።

ወይዘሮ ሳራ ገንዘባቸውን ለዚህ ቤት ብቻ አላዋሉትም። ባላቸውን የገደለውን በሽታ ለማከም በኒው ሄቨን ሆስፒታል ይሠራ ዘንድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተኙበት ያ ማእከል በ1918 ሥራ ጀመረ፤ በባላቸው ስምም ተጠራ። ደረታቸውን ታመው የሄዱ፣ ድነው የተመለሱ ስንት ይሆኑ? የሙት መንፈስ ፍለጋ የሚሄደው ሁሉ በሕይወት የተረፉትን አይጠይቅም።

እናቴ አባቴ በሞተ በዓመቱ ሰርቪስ ቤት ማሠራት ጀመረች። ሐዘኑ አላስተኛ ሲላት ጠዋት ተነሥታ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ትቆጥር ነበር። ጎረቤት «ይህች ሴት ምን አግኝታ ነው?» አለ። አንዳንዱ ዛር አለባት አለ፤ አንዳንዱ የተቀበረ ወርቅ አገኘች አለ። ወንድ ልጅ ቤት ሲሠራ «ጎበዝ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ወደዚያ ቤት እናቶቻችንን ይዘን ስንሄድ ለነርሱ ስለ አንዲት መበለት የምንነግራቸውን ነገር ብንመርጥ መልካም ነው። ብዙዎቹ ያንኑ ወሬ በራሳቸው ሰፈር ሰምተውታል፣ ያውም ስለራሳቸው።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድና ሲስቅ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው? አባቶቻችን ፊልም ማጫወቻ አላዩም ነበርና አልፈርድባቸውም። እኛ ግን ሳን ሆዜ እየኖርን፣ ግማሻችን ኮምፒውተር እየሠራን፣ የተጠማዘዘ ደረጃ አይተን «ሰይጣን ቤት» ማለታችን ሲታሰበኝ ያስቀኛል።

የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ቤቱን አሳዩ፤ ድንቅ ቤት ነው። ታሪኩንም ንገሩ፣ ልጆች ይወዱታል፤ ግን «ተረት ነው» ብላችሁ ንገሩ። ከዚያ ዚንኩን አሳዩ። ሬድውዱ ላይ የተሣለውን ጅማት አሳዩ። እንግዳችሁ ጉልበቱን የሚታመም ከሆነ ያን ደረጃ እንዲወጣው አድርጉና ዝም ብላችሁ ከታች ቁሙ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፤ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ።

እናቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ቤቷ ላይ ለዓመታት የቆመው ፌሮ ዘንድሮ ሲሚንቶ አገኘ፤ ላይኛው ፎቅ እየተሠራ ነው። ባለፈው እሑድ ደውላ ደረጃው እንደዚያኛው እንዲሆንላት ጠየቀችኝ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ለሦስት ሜትር ከፍታ፣ በስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ሃምሳ እርከን። ግቢው አይበቃም፣ ደረጃው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል አልኳት።

«እርሳቸውስ ለዚህ አይደል ሰባት ጊዜ ያጠፉት!» ብላ ዘጋችብኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሳን ሆዜ አናጢ